የእናታችን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተሩ ውስጥ

የእናታችን ሙት ዓመት ሲቃረብ፥ በወጣትነታቸው መርሳ ላይ የተነሡትን አንድ ፎቶግራፍ አጉልተን አሳትመን በመታሰቢያው ዕለት በቤታችን ልናኖር አሰብን። ፎቶግራፉ በእጃችን እንዳለ እርግጠኞች ነበርን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያን ከያዘ ጊዜ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ መብራትም ስልክም አጥተን ስንኖር፥ ከየቤቱ የጠፋውን ንብረት ባየን ጊዜ የቀረውን እንኳ እናትርፍ ብለን፥ በ2015 ዓ.ም. የቤተሰቡን የወረቀት ፎቶግራፎች በሙሉ ስካን አድርገን በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ አኑረን ነበርና። ፎቶግራፎቹንም እንዲያደራጅልን ያለ ዋጋ የሚገኝ አንድ ፕሮግራም ጭነን፥ ብዙ ሌሊት ቁጭ ብለን፥ ይህች አክስታችን ናት፥ ይህ የክርስትና አባታችን ነው እያልን ስም በስም ጻፍን። ዳሩ ግን በፈለግናቸው ሰዓት እናታችንን አጣናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ስለ ደከመ ፎቶግራፎቹን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ብናዛውር፥ ፎቶግራፎቹ በሙሉ መጡ፤ ስሞቹ ግን ቀሩ። ፕሮግራሙ ለካ የጻፍነውን ስም በፎቶግራፉ ፋይል ውስጥ አላስገባውም፤ ለብቻው በያዘው መዝገብ ላይ አስፍሮት ኖሯል። መዝገብ እንዳለውም የነገረን አልነበረም። የዚያ ሁሉ ሌሊት ድካም እዚያው አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ቀረ።

በዘመን ቅደም ተከተል እንፈልግ ብንልም አልሆነልንም። ፕሮግራሙ ፎቶግራፍን የሚደረድረው በተነሣበት ቀን ነው፤ የወረቀቱ ፎቶግራፍ መቼ እንደ ተነሣ ግን ሊያውቅ ስለማይችል ስካን የተደረገበትን ቀን ይይዛል። ስለዚህ የወላጆቻችን ሠርግና የልጅ ልጃቸው ክርስትና በአንድ ሳምንት የተፈጸሙ መስለው ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀኑን በእጃችን እናርም ብንል ደግሞ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ሆነ። 1966 ብለን ብንጽፍ ነገሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። የመስቀልና የጥምቀት ፎቶግራፎች በእኛ ዘንድ የአንድ ዓመት ሲሆኑ፥ የእነርሱ ዓመት በታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ስለሚለወጥ በሁለት ፎልደር ተለያዩ። በጳጉሜን 3 ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፥ ልጆቹ በዝናም ሲታጠቡ የተነሡትንማ ምን እናድርገው? 13ኛ ወር ብለን ብንጽፍለት ስሕተት ነው ብሎ መለሰልን።

ፊት እለያለሁ የሚለውም ክፍሉ እንዲሁ አደከመን። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡትን ሁለቱን እኅቶቻችንን አንድ ሰው አደረጋቸው። በግድግዳው ላይ የምትታየውን የእመቤታችንን ሥዕል ደግሞ በሣጥን ከብቦ፥ ይህች ማን ናት ሲል ጠየቀን። (ታናሿ ልጃችን መልሱን ለመጻፍ ተነሥታ ነበር፤ ከለከልናት።)

ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር ባለቤቱ በወደደ ጊዜ እንደሚነሣም ማወቅ ይገባናል። በብዙዎች ኮምፒዩተር ላይ የነበረውን ፒካሳን ጎግል በ1996 ዓ.ም. ገዝቶ ለብዙ ዓመታት በነፃ ሲያድለው ቆይቶ፥ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ድጋፉን አቋረጠ። ጎግል ፎቶስም በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ጥራታቸው የተመጠነ ፎቶግራፎችን ያለ ገደብ ይቀበል ነበር፤ ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባው ሁሉ ጂሜይልም በሚጋራው በነፃው 15 ጊጋባይት ውስጥ ይቆጠራል። ደግሞም መስመር በተቋረጠባቸው በእነዚያ ወራት በኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ለወልድያ ሰው ምን ይጠቅመው ነበር?

የእናታችን ፎቶግራፍ በመጨረሻ የተገኘው መርሳ፥ በእኅታችን ቤት ከተቀመጠው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። በጀርባው በአባታችን የእጅ ጽሕፈት «መርሳ፥ የካቲት 1966 ዓ.ም.» ይላል። ያን ጊዜ አንድ ብዕር የሠራውን ሥራ አይተን አፈርን።

አሁን ሥራውን እንደ ገና ጀምረናል። በዚህ ጊዜ ስሙን የምንጽፈው በፋይሉ በራሱ መጠሪያ ላይ ነው፤ «1966-06 መርሳ እናታችን ከጓደኞቻቸው ጋራ» እንደ ማለት። ዓመቱ ቀድሞ ወሩም በሁለት አኃዝ ከተጻፈ፥ ማንኛውም ኮምፒዩተር ያለ ፕሮግራም በተራ ይደረድረዋል፤ ጳጉሜንንም 13 ብንለው አይቆጣም። ለዘመዶች በቴሌግራም ስንልክ በፋይልነት እንልካለን፤ በተለመደው መንገድ ከተላከ መጠሪያውም የተነሣበት ቀንም ይጠፋልና። አንዱን ቅጂ ወልድያ፥ አንዱን መርሳ በውጭ ዲስክ አስቀምጠናል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ በአንድ ምሽት ከሠላሳ ፎቶግራፍ በላይ አልሄድንም።

ከእናታችን በስተግራ የቆመችውን ልጃገረድ ግን ከእኛ የሚያውቃት አልተገኘም፤ አባታችንም ስሟን አልጻፉትም። ውርጌሳ የሚኖሩት አክስታችን ሳያውቋት አይቀሩም ስለ ተባለ፥ በመጪው ቅዳሜ ፎቶግራፉን ይዘን ወደ እርሳቸው እንወርዳለን። ዓይናቸው ደክሟልና በትልቁ አሳትመነዋል።