በሚስቱ ቤት በእንግድነት የሚመዘገብ ባል

ታይላንዶች ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣውን ነጭ ሰው «ፋራንግ» ይሉታል። ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የኛ «ፈረንጅ» እና የነሱ «ፋራንግ» ከአንድ ግንድ የወጡ፤ በዐረቦችና በፋርሶች አፍ ዞረው ወደየአገሩ የደረሱ ቃላት ናቸው። ሁለቱ ሕዝቦች በሌላም ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠራቸውን ለሌላ አልለቀቁም። አውሮፓውያን 2025 ያሉትን ዓመት ታይላንዶች 2568 ሲሉት፤ እኛ ከፊሉን 2017 ከፊሉን 2018 ብለን ቆጥረነዋል። ስለዚህ በአንድ የታይላንድ ወረዳ የተጻፈ የጋብቻ ወረቀት ወደ ሎንዶን ወይም ወደ በርሊን ሲላክ፤ ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ዓመቱም መተርጐም አለበት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ወረቀት ነው። ከታይላንድ ሰው ጋር ትዳር የመሠረተ የውጭ አገር ሰው በዚያ አገር ለመኖር፤ ሚስቱም ወደ እርሱ አገር ለመሄድ፤ የሚያልፉበት የቪዛና የፈቃድ ጐዳና እጅግ ረጅም ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የጥቂት ባልና ሚስት የግል ጣጣ ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ መንግሥት ትዳርን በምን ሚዛን እንደሚመዝን እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ብዙ አይገኝም። ዛሬ ወይም ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠን የሰው ማመልከቻ ለምናገላብጥ ወጣቶች ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

በታይላንድ ሕግ ትዳርን ትዳር የሚያሰኘው መዝገብ ነው። መነኰሳት በማለዳ ቢባርኩ፤ ሽማግሌዎች በሙሽሮቹ አንጓ ላይ ነጭ ክር ቢያስሩ፤ መንደሩ በሙሉ በልቶ ጠጥቶ ቢመርቅ፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ስማቸው ካልሰፈረ በሕግ ፊት ባልና ሚስት አይደሉም። የውጭ አገሩ ሰው አስቀድሞ ወደ ኤምባሲው ሄዶ ለመጋባት ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ወደ ታይ ቋንቋ ይተረጐማል። ከዚያ በኋላ ባንኮክ ውስጥ ቼንግ ዋታና በሚባለው ሰፈር ባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል ትርጕሙ ተረጋግጦ ይታተምበታል። ወደ ወረዳው የሚደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የባንኮክ ሙሽሮች ከወረዳዎች ሁሉ ባንግ ራክን ይመርጣሉ፤ «ራክ» በቋንቋቸው ፍቅር ማለት ነውና፤ በፌብሩዋሪ 14 ቀን የዚያ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ በሰልፍ ይጨናነቃል።

ወረዳው ሁለት ዓይነት ወረቀት ይሰጣል። «ኮር ሮር 3» የተባለው በጌጥ የታተመ፤ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። «ኮር ሮር 2» ግን የመዝገቡ ግልባጭ ሲሆን ጌጥ የለውም። የኢሚግሬሽን ሹም አጥብቆ የሚሻው ይህን ጌጥ የሌለውን ነው፤ ያውም በቅርብ ቀን የወጣ ግልባጭ መሆን አለበት። ያጌጠው ወረቀት ሰዎቹ አንድ ቀን እንደ ተጋቡ ይናገራል፤ አዲሱ ግልባጭ ግን እስከ ዛሬ እንዳልተፋቱ ይመሰክራል። ጋብቻው በውጭ አገር ተፈጽሞ እንደ ሆነ ወረዳው በ«ኮር ሮር 22» ይመዘግበዋል።

እንግዲህ መጋባቱ ተፈጸመ እንበል። አብሮ መኖሩ ገና ነው። ባልየው በመጀመሪያ የሚያገኘው ለ90 ቀን የሚያገለግል «ኦ» የተባለውን ቪዛ ነው። ከዚያ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የ1 ዓመት ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ ክፍያው 1,900 ባህት ነው። በ2014 በወጣው የፖሊስ ትእዛዝ መሠረት የታይላንዳዊት ባል የሆነ የውጭ አገር ሰው ማመልከቻውን ከማቅረቡ በፊት 400,000 ባህት በታይላንድ ባንክ ውስጥ ለ2 ወር ማስቀመጥ፤ ወይም በየወሩ 40,000 ባህት የሚያገኝ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ያው ትእዛዝ የታይላንዳዊ ሚስት የሆነችውን የውጭ አገር ሴት ይህን ገንዘብ አይጠይቃትም። ቤትን የሚያቆም ወንድ ነው የሚለው የቆየ አሳብ በትእዛዙ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው።

ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም። ባልና ሚስቱ በቤታቸው ውስጥ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ፤ የቤቱ ቁጥር የሚታይበት ሌላ ፎቶግራፍ፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ በእጅ የተሠራ ካርታ፤ እንዲሁም ጐረቤት ወይም ወዳጅ የሆነ ምስክር ይፈለጋል። አንዳንድ ጊዜ ሹማምንቱ ራሳቸው ወደ ቤት ሄደው ያያሉ። ፓስፖርቱ ላይ «በመታየት ላይ ነው» የሚል ማኅተም ይመታና ባለጉዳዩ 30 ቀን ያህል ይጠብቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሃያ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ሃያ ጊዜ በአልጋውና በጠረጴዛው አጠገብ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ያው መሥሪያ ቤት ዕድሜው 50 ዓመት ለሞላው የውጭ አገር ሰው ሌላ በር ከፍቷል፤ ይኸውም የጡረተኛ ማራዘሚያ ነው። ገንዘቡ እጥፍ ሆኖ 800,000 ባህት በባንክ፤ ወይም በወር 65,000 ባህት ይጠይቃል። ነገር ግን የቤት ፎቶግራፍ የለበትም፤ ምስክር የለበትም፤ የ30 ቀን ጥበቃም የለበትም፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ምን ይሆናል? ሚስትና ልጆች ያሉት፤ ዕድሜው የገፋ፤ ገንዘቡም የሞላለት ሰው የባልነቱን ወረቀት ትቶ በጡረተኛነት ይመዘገባል። ሚስቱ ከጐኑ ተቀምጣ ሳለች በመንግሥት መዝገብ ብቸኛ ሽማግሌ ይሆናል። በባልነት በር የሚቀሩት ዕድሜያቸው ያልደረሰ፤ ገንዘባቸው ያነሰ ወይም ሠርተው ለማደር የሚፈልጉ ናቸው፤ ጡረተኛ ተብሎ የገባ ሰው ሥራ መሥራት አይፈቀድለትምና። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ደንብ እውነተኛውን ባል ከባልነት መዝገብ የሚያሸሸው ከሆነ፤ ደንቡ የሚመረምረው ትዳርን ሳይሆን ትዕግሥትን ነው።

የዓመቱን ፈቃድ ያገኘ ሰውም አልጨረሰም። በ1979 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በየ90 ቀኑ ያለበትን አድራሻ ማሳወቅ አለበት፤ ቢዘገይ 2,000 ባህት ይቀጣል። ከአገር ሲወጣ ደግሞ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ይገዛል፤ ለአንድ ጊዜ 1,000፤ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባህት። ይህን ረስቶ የአውሮፕላን ደረጃ ከረገጠ የዓመቱ ፈቃድ በዚያው ይሰረዛል። አባቱ ሞቶበት በሌሊት የተነሣ ሰው ይህችን ማኅተም ከረሳት፤ ሲመለስ ከ90 ቀኑ ቪዛ ጀምሮ እንደ ገና ይወጣዋል። በአውሮፕላን ጣቢያው የመመለሻ ፈቃዱን የሚሰጥ መስኮት መኖሩ እውነት ነው፤ ግን መስኮቱን የሚያስታውሰው የሚያውቀው ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የሕጉ 38ኛ አንቀጽ ነው። የውጭ አገር ሰው በቤቱ ያሳደረ ማንኛውም ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ለሹም ማመልከት አለበት ይላል። ቅጹ «ቲ ኤም 30» ይባላል። አንቀጹ ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ሆቴልን ከመኖሪያ ቤት አይለይም። ስለዚህ ቤቱ በስሟ የሆነ ሚስት ባሏን በራሷ ቤት እንዳሳደረችው ለመንግሥት ታስታውቃለች። ሕጉ ለብዙ ዓመት እምብዛም ሳይሠራበት ቆይቶ በ2019 ጠበቅ ተደርጎ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ፤ ሰዎች ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ከተማ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር እንደ ገና ሊመዘገቡ ግድ ሆነ። ጩኸቱ በረታ፤ በ2020ም ወደዚያው አድራሻ ለሚመለስ ሰው ደንቡ ላላ። የቤቱን መዝገብ ነገር ካነሣን፤ የታይላንድ ዜጎች ስም የሚጻፍበት ደብተር ሰማያዊ ሲሆን የውጭ አገር ሰው የሚጻፍበት ብጫ ነው። አንድ ጣራ ሥር ያሉ ባልና ሚስት በሁለት ቀለም ይመዘገባሉ።

ወረቀቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በጉልሕ የታየው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። ማርች 26 ቀን 2020 ታይላንድ ደጇን ለውጭ አገር ሰው ስትዘጋ፤ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወጥተው የነበሩ ባሎችና ሚስቶች ባሉበት ቀሩ። የጋብቻ ወረቀት በእጃቸው ነበር፤ በር ግን አልከፈተላቸውም። ከጁላይ 2020 ጀምሮ የታይላንዳውያን የትዳር ጓደኞች በመጀመሪያ ከተፈቀደላቸው መካከል ሆኑ፤ ያውም ከኤምባሲ የመግቢያ ምስክር ወረቀት፤ 100,000 ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስና የ14 ቀን ለይቶ ማቆያ ተጨምሮበት። ዜጋዋ ሚስት የመግባት መብት ነበራት፤ ባሏ የነበረው ፈቃድ ነው። በመብትና በፈቃድ መካከል ያለውን ልዩነት በሕግ ትምህርት ቤት ብዙ ሰዓት ይሰጡበታል፤ እነዚህ ቤተሰቦች በሦስት ወር ተማሩት።

ለመንግሥቱም ምክንያት አለው። በቬትናም ጦርነት ዘመን በኡዶን፤ በኮራት፤ በኡቦን የነበሩት የአሜሪካ የጦር ሠፈሮች እስከ 1976 ድረስ ብዙ ወጣት ወንዶችን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ክፍል አምጥተዋል። ከእነርሱ በኋላ አገር ጐብኚው ተከተለ። ለገንዘብ ብቻ የሚፈጸም፤ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ጋብቻ መኖሩም አይካድም። ተንኰለኛውን ለመያዝ መረብ መዘርጋት የማንኛውም አገር መብት ነው። የኔ ጥያቄ መረቡ ማንን ይይዛል የሚል ነው። ለሐሰት ጋብቻ ገንዘብ የከፈለ ሰው ፎቶግራፍም ምስክርም ለማዘጋጀት ጉዳይ አስፈጻሚ ይቀጥራል። ቀኑን የሚረሳ፤ ግልባጩ ያረጀበት፤ የባንክ ሒሳቡ ለሁለት ሳምንት ከ400,000 በታች የወረደበት ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ባል ነው።

ታይላንድን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሚስቲቱ ወደ ባሏ አገር ልሂድ ስትል የሚጠብቃት ከዚህ የሚከፋ እንጂ የሚሻል አይደለም። ብሪታንያ በ2012 የትዳር ጓደኛውን ለሚያስመጣ ሰው በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ ወሰነች፤ በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 ከፍ አደረገችው። ለመኖር የምትሄደዋ የታይላንድ ሴት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም የእንግሊዝኛ ፈተናም ማለፍ አለባት። ጀርመን ከ2007 ጀምሮ ሚስቲቱ ከመምጣቷ በፊት መጠነኛ ጀርመንኛ እንድታውቅ ትጠይቃለች፤ እርሻዋን ትታ ባንኮክ ውስጥ የጀርመን ግሥ ስታረባ የምትከርም ሴት አለች ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ከአገሩ ውጭ በሌላ የኅብረቱ አገር ለሚኖር ዜጋ ሚስት ቪዛ ያለ ክፍያና በፍጥነት እንዲሰጥ ያዛል። በዚህም ምክንያት ጀርመናዊው ሚስቱን ወደ ገዛ አገሩ ከማምጣት ይልቅ፤ ማድሪድ ሥራ ይዞ ወደዚያ ማስመጣት ይቀለዋል።

ለአጭር ጥየቃ መሄድማ ይብሳል። አማቷ ታሞ ለሁለት ሳምንት ልትጠይቅ የምታመለክት ሚስት የምትመለስ መሆኗን ማስረዳት አለባት፤ መሬት፤ ሥራ፤ በአገር የቀረ ልጅ። ለመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክት ትዳሯ ዋና ማስረጃዋ ነበር፤ ለጥየቃ ስታመለክት ግን ያው ትዳር ሳትመለስ እንዳትቀር የሚያስጠረጥር ምልክት ይሆናል። በተለያዩ መስኮቶች የቀረበ አንድ ወረቀት ሁለት ተቃራኒ ነገር ይመሰክራል።

ከዚህ ከየዓመቱ ዑደት መውጫው የዘወትር ነዋሪነት ወይም ዜግነት ነው። የዘወትር ነዋሪነት ሕጉ ለአንድ አገር ተወላጆች በዓመት ከ100 ሰው በላይ አይፈቅድም። ዜግነትን በሚመለከት፤ በ2008 የተደረገው ማሻሻያ የታይላንዳዊትን ባል ከአምስት ዓመቱ ነዋሪነትና ከቋንቋ ዕውቀት ግዴታ ነጻ አድርጎታል፤ የገቢውና የመልካም ጠባዩ ማስረጃ ግን ይቀራል። ብዙዎቹ ሁለቱንም ሳይሞክሩ በየዓመቱ ማራዘሚያ ያረጃሉ።

ከባድ የሚሆነው ሚስት ቀድማ ስትሞት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱን የሚያሳድስበት ምክንያት የለውም፤ ወደ ጡረተኞች ሰልፍ ይዛወራል፤ ዕድሜው ወይም ገንዘቡ ካልደረሰም ሌላ ቪዛ ይፈልጋል። የውጭ አገር ሰው መሬት ሊይዝ አይችልምና፤ በሚስቱ ስም የነበረውን መሬት ቢወርስ እንኳ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ካልፈቀደለት በቀር ከ1 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መሸጥ አለበት። ልጅ ካላቸው ነገሩ ይለወጣል። ከ1992 ማሻሻያ ወዲህ ከታይላንዳዊት እናት የተወለደ ልጅ ዜጋ ስለሆነ መሬቱን ይወርሳል፤ አባትየውም በልጁ አባትነት ፈቃዱን ማሳደስ ይችላል፤ ልጁ 20 ዓመት እስኪሞላው ድረስ።