የዕድር ጥሩምባና የኪስ ስልክ

በአገራችን ልማድ የዕድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ወይም አባላቱ ለብርቱ ጉዳይ ሲፈለጉ ነው። ጥሩምባ ነፊው የሽንኩርት ዋጋ በረከሰ ቁጥር፣ የጎረቤት ልጅ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር፣ ባለ ሱቁ አዲስ ጨርቅ ባስመጣ ቁጥር በየመንደሩ እየዞረ ቢነፋ ምን ይሆን ነበር? በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ እየደነገጠ ከቤቱ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ያጉረመርማል፤ በሦስተኛው ግን ጆሮውን ደፍኖ ይተኛል። ያን ጊዜ እውነተኛ ሞት ቢመጣ ቀባሪ አይገኝም።

ውድ አንባቢያን ሆይ! ዛሬ በየኪሳችን የያዝነው ስልክ እንደዚህ ያለ ጥሩምባ ነፊ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ይህንንም የምለው መሣሪያውን ለመንቀፍ ሳይሆን አሠራሩን ለመመርመር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሲዘረጋ የስልክ ጩኸት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሰው ሰውን ይፈልጋል ማለት ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ/ም በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምርም ነገሩ ይኸው ነበር። ዛሬ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ከሚጮኸው ስልካችን ውስጥ ሰው ያለበት ጩኸት ጥቂት ነው። የቀረው የማስታወቂያ፣ የጨዋታ፣ የዕጣ፣ «አድሱኝ» የሚል ፕሮግራምና «ቦታ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ መጮሁ ነው።

ይህ ችግር ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት የመጣው መሣሪያው ለሰው ይገዛል ወይስ ሰው ለመሣሪያው ይገዛል የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው በሚገባ ስላልተመለሰ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 አፕል የተባለው ኩባንያ ኒውተን የሚባል በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ የሰውን የእጅ ጽሕፈት አነባለሁ ብሎ ተነሣ፤ ነገር ግን ቃሉን እያሳሳተ ስላነበበ መሣቂያ ሆነ። በ1996 ደግሞ ፓልም የተባለው መጣ። ፓልም የሰውን ጽሕፈት ለማንበብ አልደከመም፤ ይልቁንም ሰው እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በአንድ ጭረት ብቻ እንዲጽፍ አዲስ አጻጻፍ እንዲማር አደረገ። ፓልም ብዙ ገዢ አገኘ። በዚህም ለመሣሪያ ሠሪዎች አንድ ትምህርት ተገኘ፤ መሣሪያው ሰውን ማወቅ ቢያቅተው ሰው ራሱ ከመሣሪያው ጋር ይስማማል የሚል ነው።

የዚህን ትምህርት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የከፈልነው እኛ ነን። በቀድሞዎቹ ስልኮች 26ቱ የላቲን ፊደላት በስምንት ቁልፎች ላይ ተደልድለው ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት ቅርፅ ስላለው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በስምንት ቁልፍ ማን ይጽፈዋል? ስለዚህ አባቶቻችንና ታላላቆቻችን አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ ተላላኩ፤ ፊደል የቆጠረች እናት ልጅዋ የላከላትን አማርኛ ለማንበብ አስተርጓሚ ፈለገች። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሰሌዳ፣ በዩኒኮድ፣ በአውሮፓ 1999 ከገባ በኋላ እንኳ በብዙ ስልኮች ላይ አማርኛ ሲላክ የሚታየው የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ነበር።

ሂሳቡም አልረዳንም። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። እርግጥ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አስተባብሮ በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ኪሣራው በከፊል ይካካሳል፤ ቢሆንም ረዘም ያለ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል። በከተማችን በሂርና ከሁሉ በላይ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ/ም የላቲንን ፊደል ስለ ተቀበለ በቁልፉ በኩል ዕድል ቀንቶታል። ሆኖም እርሱም ቢሆን አላመለጠም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ስልክ ትክክለኛውን ቃል ስሕተት ነው እያለ ወደማይገባ የእንግሊዝኛ ቃል ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ጥሩምባው ልመለስ። አይፎን በአውሮፓ 2007 ወጥቶ በ2009 ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ባለቤቱን ከሩቅ እንዲጠሩት ሲፈቀድ፣ ማሳወቂያው በመስተዋቱ መካከል ድንገት ብቅ እያለ የተያዘውን ሥራ ያቋርጥ ነበር፤ ባለቤቱም ካላሰናበተው ሥራውን መቀጠል አይችልም ነበር። በ2008 የወጣው የአንድሮይድ ስልክ በዚህ ረገድ ይሻል ነበር፤ መልእክቶቹን ከላይ በመጋረጃ ሸፍኖ ባለቤቱ ሲፈልግ እንዲስባቸው አደረገ። አፕልም በ2011 ይህን የመሰለ መንገድ ተከተለ። ነገር ግን አንድሮይድ ሌላ ጉድለት ነበረበት። አይፎን «ይህ ፕሮግራም እንዲጠራህ ትፈቅዳለህን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንድሮይድ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመረው በ2022 በወጣው በ13ኛው እትሙ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተውሉ። በከተማችን ብዙ ሰው የሚይዘው ስልክ አሮጌ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ዘመድ ሲጠግበው የላከው፣ ወይም ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው። መድኃኒቱ ለአዲሱ ስልክ ሲሰጥ ለአሮጌው አይደርስም። ስለዚህ የባለጠጋው ስልክ ጨዋነትን ሲማር የድኻው ስልክ እንደ ጮኸ ይኖራል።

አንዳንድ ሰው «ጩኸት ምን ይጎዳል? ዝም ብሎ መተው ነው» ይል ይሆናል። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። የቀድሞዎቹ ስልኮች ጥቂት መልእክት ብቻ ይይዙ ነበር፤ ማኅደራቸው በማስታወቂያ ሲሞላ የፖስታው ምልክት ብልጭ ድርግም እያለ አዲስ መልእክት አይገባም ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልክ ገንዘብ ቤት ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ/ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጫት የሚሸጠው ገበሬም፣ ባለ ሱቁም፣ ከሩቅ አገር ልጅ ያለው ወላጅም ገንዘብ መግባቱንና መውጣቱን የሚያውቀው በመልእክት ነው። የብሔራዊ ፈተና ውጤትም በአጭር መልእክት ይጠየቃል። አታላዮችም ይህን ያውቃሉ። «ዕጣ ደርሶዎታል፤ የተላከልዎን ቁጥር ይንገሩን» የሚለው የሌባ መልእክት ከእውነተኛው የባንክ መልእክት ጋር ጎን ለጎን፣ በዚያው ድምፅ ይመጣል። ከመቶ ጩኸት መካከል እውነተኛውን መለየት የሰለቸ ሰው ወይ ሁሉን ይንቃል፣ ወይ ሁሉን ያምናል። ሁለቱም ለኪሣራ ይዳርጋሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከትልልቆቻችን አንዳንዶቹ «ስልክን መጣል ነው» ይላሉ። ስለ ትምህርታችን ተጨንቀው እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ምክራቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን የገበያ ዋጋ በስልክ የሚጠይቀው ነጋዴ ስልኩን ጥሎ በምን ይነግዳል? ሌሎች ደግሞ «ድምፁን ማጥፋት ይበቃል» ይላሉ። ጥሩምባ ነፊው አበዛ ተብሎ ጥሩምባው ቢሰበር ግን መርዶ በምን ይነገራል? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ዘመድ ስትጠራ የዘመዱ ስልክ ዝም ካለ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ይጎዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መጣልም ማፈንም ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ነው።

በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ስልክ የሚሠሩና ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች፣ ከእነርሱም ጋር ነገ ይህን ሙያ የምንማር የኢትዮጵያ ልጆች፣ መሣሪያው ከመጮሁ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የሚጠይቀውም ባለቤቱ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን እናድርግ። ሁለተኛ፤ ማስታወቂያ በስልክ የሚልኩ ሁሉ የሚልኩት ለፈቀደላቸው ሰው ብቻ ይሁን። ብዙ ጊዜ ለማቆም የሚላከው ቃል በላቲን የሚጻፍ «ስቶፕ» ነው፤ ላቲን የማያውቅ ሰው ያልለመነውን ነገር እንዴት አድርጎ ያስቁመው? «አቁም» የሚለው ቃል በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ተቀባይነት ሊያገኝ ይገባል።

ሦስተኛው የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው፤ የማንንም ፈቃድ ሳንጠብቅ ዛሬ ልንጀምረው እንችላለን። ከአውሮፓ 2012 ወዲህ የወጡት የአንድሮይድ ስልኮች የእያንዳንዱን ፕሮግራም ማሳወቂያ ለየብቻ ለመዝጋት ያስችላሉ። ብዙ ወላጆቻችን ግን ይህ እንዳለ አያውቁም፤ የሚገኝበትም ቦታ በእንግሊዝኛ ቃል ተሸፍኖ ከብዙ በር በስተ ኋላ ነው። እያንዳንዳችን በአንድ የዕረፍት ቀን ከእናታችን ወይም ከአባታችን አጠገብ ተቀምጠን፣ የማይጠቅመውን ጩኸት እየጠየቅናቸው ብንዘጋ፣ የቤተ ሰብን ጥሪና የባንክን መልእክት በተለየ ድምፅ ብናደርግ፣ የሚስጥር ቁጥርን ለማንም መንገር እንደማይገባ ብናስረዳ፣ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስልኩን ነጥቀን ራሳችን ፈጥነን ብናደርገው ግን አይረባም፤ እነርሱው እንዲነኩት፣ እነርሱው እንዲመርጡ ይሁን። ከወላጆቹ ብዙ የተማረ ልጅ ይህን ያህል መልሶ ቢያስተምር ብድር መመለስ እንጂ ውለታ መዋል አይባልም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ሥልጣኔ ማለት ብዙ የሚጮኽ ዕቃ መያዝ አይደለም። የትኛው ጥሪ እንደሚያስነሣን፣ የትኛው ጥሪ ደግሞ ከመጽሐፋችን ቀና እንኳ እንደማያደርገን ለይተን የምናዝዘው ዕቃ መያዝ ነው። ጥሩምባውን ለቁም ነገር እናቆየው፤ በተነፋም ጊዜ ሁላችን ሰምተን እንነሣ።