ስሞቹን ከሽማግሌዎቻችን ተቀበሉ

የወለንጪቲና የቦሰት ወገኖቼ፣

ከባሕር ማዶ የአገራችንን የሳተላይት ምስል ስመለከት የቦሰት ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጎርፍ የቆፈራቸው ቦረቦሮች፣ ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚዘልቀው መንገድም አሉ። የጎደለው ስማቸው ነው። እናንተ ከብት የሚጠጣበትን፣ ወንዝ የሚሻገሩበትን፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ዛፍ በየስሙ ትጠራላችሁ፤ ካርታው ግን ከተሞቹንና ትልልቆቹን ተራሮች ጠርቶ ዝም ይላል።

የቦታ ስም ባለቤት ሲያጣ ምን እንደሚከተል ታሪካችን አሳይቶናል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ በራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ አለች። ያች ከተማ የት እንደነበረች ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ከተማ እንዲህ ከጠፋች የአንዲት ምንጭ ወይም የአንድ የግጦሽ መስክ ስም እንዴት ይተርፋል?

መሬቱም ራሱ ይለወጣል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ኋላ ከ40 በላይ ሆነ። ውኃው የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ዋጠ። በውኃው ሥር የቀሩትን ቦታዎች በስም የሚያውቁት በዚያ ከብት ያገዱ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ። ከተቻለ ቦታው ድረስ አብራችሁ ሂዱና ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስልኩ የሚያሳየውን የቦታ መለኪያ ቁጥርም መዝግቡ። ስሙን በቁቤም በፊደልም ጻፉት፤ ማን እንደነገራችሁ፣ ቦታው ለምን እንደሚያገለግል፣ ከዚያ በፊት ምን ይባል እንደነበር አክሉበት። ሴቶችን አትዝለሉ፤ ውኃና እንጨት ፍለጋ የዞሩት እነሱ በመሆናቸው ወንዶቹ የማያውቁትን ያውቃሉ። የተከበረ የጸሎት ቦታ ከሆነ ሳታስፈቅዱ ለሕዝብ አታውጡት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ትክክለኛው ስም የቱ ነው በሚል ክርክር ሥራው እንዳይቆም። የከተማችን ስም ራሱ በተለያዩ ካርታዎች ወለንጪቲ፣ ወለንቺቲ፣ ኦለንጪቲ ተብሎ ተጽፏል። አዳማም ናዝሬት ተብላ ቆይታ ወደ ቀደመ ስሟ ተመልሳለች። የድሮ ደብዳቤና የመሬት ሰነድ የሚያነብ ሰው ሁሉንም ማግኘት አለበት። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ነፃ ካርታም ለአንድ ቦታ የቀድሞና ተለዋጭ ስሞችን አብሮ ይቀበላል።

እኛ በውጭ ያለነው የድሮ ካርታዎችን ከየቤተ መጻሕፍቱ ፈልገን ቅጂያቸውን እንልክላችኋለን፤ ከእናንተ የሚመጣውንም ካርታው ላይ ለማስገባት እናግዛለን። ከዚያ ያለፈው ሥራ ግን በእናንተ እጅ ነው። መጪው በጋ ሳያልፍ ከየቀበሌያችሁ በዕድሜ ከገፉት ሰዎች ጀምሩ።