ጥያቄውን ማን ጠየቀው?

«የፊዚክስ ሰዎች በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ምን አገባችሁ?» የምትሉን አንባብያን አትጠፉም። የጦር በጀት የአንድን ሙያ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚመርጥ ቀድመን ካየነው መካከል ነን፤ አቶሚክ ቦምቡም ራዳሩም ከቤታችን ወጥተዋል።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ባመጠቀች በዓመቱ የአሜሪካ ኮንግረስ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግን አወጣ። ሕጉ ከሒሳብና ከሳይንስ ሌላ የውጭ ቋንቋዎችንና የአካባቢ ጥናት ማእከላትን ደጎመ። ስሙን ልብ በሉ፤ ሰዋስው መማርም «መከላከያ» ሆነ! ብዙ በጎ ምሁራን ከዚያ መውጣታቸውን አንክድም።

የካሜሎት ፕሮጀክት ግን ሌላ ነው። በ1964 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በዋሽንግተን በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረ ቢሮ አማካይነት ነደፈው፤ እስከ 6 ሚሊዮን ዶላርም ታሰበለት። ዓላማው በታዳጊ አገሮች ዐመፅ የሚነሣበትን ሁኔታ መተንበይ፣ መንግሥታት የሚገቱበትንም መንገድ መለየት ነበር። በቺሊ ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ ቢጋበዝ እምቢ አለ። ነገሩ በቺሊ ሲሰማ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራም በሐምሌ 1965 ሰረዙት።

ብዙዎች ጥፋቱን በምስጢራዊነት ያሳብባሉ። ጥናቱ ግን በምስጢርነት የተመደበ አልነበረም። ስሌቱም ትክክል ሊሆን ይችል ነበር። ደኅና የሚሠራ ቴርሞሜትር የሙቀት መጠንን በትክክል ይነግረናል፤ ግፊትን ግን አይነግረንም፤ ለዚያ አልተሠራምና። ዐመፅን እንደ በሽታ፣ ሥልጣን ላይ ያለውን መንግሥት እንደ ጤና ቆጥሮ የተነሣ ተመራማሪም «ይህ መንግሥት ቢወድቅ ለሕዝቡ ይሻል ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም። ለታዳጊ አገር ሕዝብ ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የሚጠናው እርሱ፣ ውጤቱን የሚረከበው የሌላ አገር ጦር ነበርና።

ፍርዳችን ከነውር የጸዳ እንዳይመስላችሁ። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንሠራ የመሣሪያችን ወጪ በከፊል ከመከላከያ በጀት ይመጣ ነበር። አልጠየቅንም፤ ገንዘቡንም አልመለስንም።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2008 ሚኔርቫ በተባለ መርሐ ግብር ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ በይፋ ተመለሰ። በ2025 ደግሞ ድጋፉን አቋረጠ። ከተቋረጡት ጥናቶች መካከል ስለ ስደትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚመረምሩ ነበሩ፤ የተዘጉትም መልስ ስላገኙ አልነበረም።