ሞያሌን ስንሻገር «ብሔር» የት ትገባለች?

እስቲ እንጠያየቅ ጎበዝ! ኢሕአዴግ በቀበሌ መታወቂያችን ላይ ያተመልን ያቺ «ብሔር» የምትል መስመር የደም ነገር ከሆነች፣ ሞያሌን ስንሻገር የት ትገባለች?

ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አሳብሮ ጆሃንስበርግ የገባውን ወጣት ጠይቁት። እዚህ «ሀድያ፣ ከምባታ» ሲባባል የኖረው ልጅ እዚያ ስሙ አንድ ነው፤ «ክዌሬክዌሬ»! ንግግሩ የማይገባ መጤ ለማለት ነው። ዚምባብዌውም፣ ሶማሌውም፣ የኛውም ልጅ በዚህች ስድብ አንድ ላይ ይታሰራል። ግንቦት 2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ60 በላይ ሰው ሲገደል፣ ሚያዝያ 2007 ደርባን ላይ የኢትዮጵያውያን ሱቅ ሲጋይ፣ «ብሔርህ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ የተመለሰ አንድ ሲዳማ ወዳጄ፣ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ «ሱቄን ሊዘርፉ ሲመጡ ጓሮውን ከፍቶ ያስገባኝ ወላይታ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? ሰኔ 2010 ዓ.ም. በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን እዚሁ ሐዋሳ ላይ ሲዳማና ወላይታ ተባብለን ሰው ቀብረናል እኮ!

አሜሪካ የገባውስ? አዲስ አበባ እያለ «ጥቁር ነኝ» ብሎ አስቦ የማያውቀው ሰው፣ እዚያ ቅጽ ሲሰጡት ጥቁር ሆኖ አረፈው። ሰውየው ያው ነው፣ የተቀየረው ጠያቂው ነው።

ነገሬን አታጣምሙብኝ። ሲዳሙ አፎ የለም፣ ፍቼ ጨምበላላ ተረት ነው ያለ የለም። ዩኔስኮ እንኳ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው። እኔ የምለው፣ ቋንቋና በዓል ሌላ፣ የጸሐፊ እስክሪብቶ ሌላ! የኔ አባትና እናት ከሁለት ብሔር ናቸው። መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ይህንኑ ብናገር፣ የቀበሌው ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል «በአባት ነው የሚሞላው» ብሎ ሞላልኝ። እናቴ ምን በወጣት? ዘጠኝ ወር ተሸክማኝ በአንድ ቢክ ተሰረዘች!

ፓስፖርታችን ላይ «ብሔር» የለችም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ መታወቂያም አይጠይቅም፤ አገር ግን አልፈረሰችም። ታዲያ ለፈረንጅ የማናሳያት መስመር ለገዛ ጎረቤታችን ምን ትሠራለች? በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ የቀረችውስ መቼ ነው የምትፋቀው? ሹማምንት ሆይ፣ መልሱልና!