በከተማ ዳር በርካሽ ዋጋ ስለሚገኝ አዲስ ቤት



ለሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ ቤት የሚያስፈልገው መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ በተጨመረ ቍጥር ልቡ ይታወካል፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር በተዛወረም ጊዜ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸውና ከባልንጀሮቻቸው ይለያሉ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳርቻ፥ በኮዬ ፈጬ፥ በቱሉ ዲምቱ፥ በየካ አባዶና ይህን በመሰለው ሥፍራ የተሠራ አዲስ ቤት ከመካከለኛው ከተማ ቤት ባነሰ ዋጋ ይሸጣል ሲባል፥ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሁሉ ጆሮውን ቢያቀና አይፈረድበትም። ነገር ግን የአንድ ቤት ርካሽነት በእውነት የሚታወቀው፥ በውሉ ላይ ከተጻፈው ገንዘብ ሌላ ቤቱ ዕለት ዕለት የሚያስከፍለው ሁሉ ከተቈጠረ በኋላ ነው።

የእነዚህን ቤቶች መልካምነት መካድ አይገባም። በአሮጌው ሰፈር ብዙ ሰው መጸዳጃውንና ማድ ቤቱን ከጎረቤት ጋራ ተካፍሎ ሲኖር፥ አዲሱ ቤት ሁሉንም ለብቻው ይዟል፤ ብርሃንና አየርም አለው። ዋጋው ዝቅ ያለው ብዙውን ጊዜ ግንቡ ስለ ከፋ ሳይሆን ሥፍራው ስለ ራቀ ነው። እንግዲህ ሻጩ የቀነሰውን ገንዘብ መንገዱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መልሶ እንደሚወስደው ማሰብ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ለመሄድ 1 ሰዓት ተኩል፥ ለመመለስም 1 ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ ቢቆይ፥ በቀን 3 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 250 ቀን ሥራ ቢገባ 750 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ሌሊቱና ቀኑ ሳይለይ ሲቈጠር ከ31 ቀን ይበልጣል። እንደ ሀገራችን አቈጣጠር አንድ ሙሉ ወር በመንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ይህ ወር ከማን ላይ እንደሚወሰድ እንመርምር። ከመሥሪያ ቤቱ አይወሰድም፤ የሥራ ሰዓት የታወቀ ነውና። የሚወሰደው አባት ልጁን ከሚያስጠናበት ማታ፥ እናት ከምታርፍበት ሌሊት፥ ሕፃኑም ሳይነጋ ከሚቀሰቀስበት እንቅልፍ ነው። ለታክሲና ለአውቶቡስ የሚወጣው ገንዘብ ሳይታሰብ ኪሳራው ይህን ያህል ነው።

ደግሞ ርቀቱ አንድ ቢሆንም ሥፍራው ሁሉ አንድ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር ወደ አያት ይሄዳል፤ በቱሉ ዲምቱ በኩልም የአዳማው ፈጣን መንገድ ያልፋል። ሆኖም መስመር በካርታ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ገዢው በእሑድ ቀን በወዳጅ መኪና ሄዶ ቤቱን አይቶ መመለሱ ቀርቶ፥ በሰኞ ማለዳ ከዚያው ሰፈር ተነሥቶ፥ እንደ ነዋሪው ተሰልፎ፥ እስከ መሥሪያ ቤቱ ይምጣ፤ በክረምትም አንድ ጊዜ ይመልከተው። ነዋሪዎቹንም ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ወደ ላይኛው ደርብ ይወጣ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ከምድር ቤቱ በላይ 4 ደርብ ያላቸው ብዙዎቹ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን የሚወጣው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። አረጋዊ ወላጅ ያለበት ቤተ ሰብም ይህን አጥብቆ ያስብ። ወለሉ፥ ቀለሙና በሩ ገና ያልተጠናቀቀ ቤት ከሆነ የማጠናቀቂያው ወጪ በዋጋው ላይ ይጨመር።

ዋጋው ከሌላው እጅግ ያነሰ ቤት ሲገኝ፥ ርቀት ብቻ ሳይሆን የወረቀት ጉድለትም ሊኖርበት ይችላል። ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን፥ የባንክ ብድርም ሆነ የሊዝ ክፍያ ቀሪ እንዳለበት መመርመር ያስፈልጋል። በዕጣ የደረሰ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ገደብ ስለሚደረግበት፥ አንዳንድ ሰው በውክልና ብቻ ይገዛል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመሠረቱ ውክልናው ይቀራል። ያን ጊዜ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከወራሾች ጋራ ክርክር ይገጥማል። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን የሚሸጡት በሁለቱም ስምምነት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ከሻጩ ፊርማ ጋራ የባለቤቱን ፊርማ መጠየቅ፥ ውሉንም በጽሑፍ አድርጎ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ማጽደቅ ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ መባሉ ለዚህ ነው።

የሻጩ ባልና ሚስት ለመሸጥ መስማማት ካለባቸው፥ የገዢው ቤተ ሰብ ለመግዛት መማከሩ እንዴት ይቅር? ባል ዋጋውን ሚስት ርቀቱን እያሰቡ ሳይነጋገሩ የተገዛ ቤት ሰላም አይሰጥም። ሁለቱም ተቀምጠው የቤቱን ዋጋ፥ የማጠናቀቂያውን፥ የመጓጓዣውንና የትምህርት ቤቱን ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ይደምሩ፤ በአጠገቡም በመንገድ የሚያልፈውን ሰዓት ይጻፉ። ሥራቸው በዚያው አቅጣጫ ለሆነ፥ ወይም ኪራዩ ለከበዳቸው ሰዎች የዳሩ ቤት በዚህ ሚዛን ላይም አሸንፎ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ በደስታ ይግዙት። ለሌላው ግን በመሥሪያ ቤቱና በልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት ከሰፊው ትበልጥበታለች። መዝነው ለገቡት ሁሉ ቤት ለእምቦሳ እንላለን።