ኮምፕሬሰሩ ለየትኛው ሥራ ነው?

ጎሚስታ ለመክፈት፣ ባትላሜራ ቤት ለማቋቋም ወይም የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ለመርጨት ያሰበ ሰው ኮምፕሬሰር ሊገዛ መርካቶ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ባለ ስንት ሊትር ነው?» ተብሎ ነው። ሊትር ሲባል የታንኩ ስፋት ማለት ነው። ገዢውም 24 ወይም 50 ይላል፤ ዋጋ ይነገረዋል፤ ጥቂት ተከራክሮ ያስጭናል። ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ሳይጠየቅ፣ እሱም ሳይናገር ገበያው ይፈጸማል። የኪሳራው መነሻ ይህ ነው።

ታንክ አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 6 ባር እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው አየር 100 ሊትር ያህል ነው። የመኪና ቀለም መርጫ ደግሞ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ 200 ሊትርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሞተሩ ካላገዘው በስተቀር የተጠራቀመው አየር ለግማሽ ደቂቃ ቢበቃ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማሽኑ በየደቂቃው ምን ያህል አየር ይሰጣል የሚለው ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ገደማ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበውን እንጂ ተጨምቆ በቱቦ የሚወጣውን አየር አያመለክትም። የሚወጣው ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ አንዳንዴም ግማሹ ብቻ ነው።

የአገሩ ከፍታም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለሆነም ጅቡቲ ወደብ ላይ በሦስት ደቂቃ የሚሞላ ታንክ አዲስ አበባ ላይ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ አገር ደጋ ላይ ሲደርስ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሥራው ከታወቀ ግን ምርጫው ያን ያህል አያስቸግርም። የብስክሌትና የባጃጅ ጎማ ጥቂት አየር ስለሚይዝ በእጅ ወይም በእግር ፓምፕ ይሞላል። ከመኪና ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራው ትንሽ መንፊያ ለቤት አውቶሞቢል ጥሩ የመንገድ ረዳት ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ ስለማይዙ፣ ለባለቤቶቻቸው ይህ ዕቃ ቅንጦት አይደለም። ይሁን እንጂ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ማረፍ ያለበት ዕቃ ነው። በዚህ ጎሚስታ ልክፈት የሚል ሰው ብዙ ሳይቆይ ያቃጥለዋል።

አንድን የአውቶሞቢል ጎማ ለመሙላት ከ60 እስከ 70 ሊትር አየር ስለሚበቃ ባለ 50 ሊትሩ ኮምፕሬሰር ለሰፈር ጎሚስታ ያገለግላል። የከባድ መኪና ጎማ ግን ሌላ ነው። 150 ሊትር ያህል ስፋት ያለው ጎማ በ7 ባር ሲሞላ ከ1,000 ሊትር በላይ አየር ይፈልጋል። በደቂቃ 100 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ለዚህ አንድ ጎማ ብቻ ከአሥር ደቂቃ በላይ ሳያርፍ ይሠራል፤ የራሱም የመጨረሻ ግፊት 8 ባር ከሆነ ወደ ማብቂያው ላይ ያቃስታል። በጭነት መኪናዎች መንገድ ዳር የሚከፍት ሰው በችንጋ የሚዞርና ትልቅ ታንክ ያለው ማሽን ሳይዝ ባይጀምር ይሻለዋል። በሌላ በኩል ሶፋ ሠሪው የሚጠቀምበት የአየር ስቴፕለር በየምቱ ጥቂት አየር ብቻ ስለሚወስድ ትንሹ ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። እዚያው ግቢ ያለው አናጢ በአየር በሚሠራ ማለስለሻ እንጨት ላለስልስ ቢል ግን ያው ማሽን ይከዳዋል።

ግፊትና ብዛትም ሊምታቱ አይገባም። ለዓሣ ማሳያ ገንዳ አየር የሚሰጥ ፓምፕ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን ውኃ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ የሚፈለግበት ሌት ተቀን ሳያቋርጥ መሥራት ነው። ልጆች የሚዘሉበት የፕላስቲክ ቤትም የሚፈልገው በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አየር የሚገፋ ማራገቢያ ነው። የጥርስ ሕክምና ክፍል ደግሞ ዘይት የሌለበት ንጹሕ አየር ስለሚያስፈልገው በዘይት የሚሠራ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ሊገባበት አይገባም።

አንዳንድ ነጋዴዎች ጥፋቱን ወደ ገዢው ይመልሱታል፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ርካሹን ነው ይላሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወዷል፤ ገዢው ወደ ትንሹ ማዘንበሉም አይደንቅም። ነገር ግን ስህተቱ ይበልጥ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። በብድር ሥራ የጀመረ ወጣት አቅሙ የማይመጥን ማሽን ሲይዝ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፤ የደንበኛ መኪና እንደገና ይፋቃል፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሞ ይነዳል። ብድሩ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አስመጪው በእያንዳንዱ ማሽን ላይ በ6 ባር ግፊት በደቂቃ የሚሰጠውን አየርና ሳያርፍ ሊሠራ የሚችልበትን ጊዜ በአማርኛ ይጻፍ። ገዢውም የሚጠቀምበት መሣሪያ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ቀድሞ ይወቅ፤ ከዚያም ከሲሶ ያላነሰ ትርፍ ያለው ማሽን ይምረጥ። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ማሽኑ ሱቁ ውስጥ ተነሥቶ ሰዓት ይያዝለት። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ6 ባር ተነሥቶ 8 ባር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ከፈጀበት ማሽኑ የሚሰጠው በደቂቃ 100 ሊትር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ከፈጀበት 50 ነው። ሙከራው አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የከፍታውን ጉድለት ጭምር ያሳያል። በዚያው አጋጣሚ ሞተሩ በራሱ መቆሙና ሴፍቲ ቫልቩ መሥራቱ ይታያል፤ ቫልቩ የተደፈነ ታንክ ሰው ይገድላልና ይህ በዋጋ ክርክር የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ሙከራውን የሚከለክል ሻጭ ቢያጋጥም ቀጣዩን ሱቅ መጠየቅ ነው። ሥራውን ጠይቆ፣ ሰዓት ይዞ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ አንድ ትንሽ ማሽን ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል፤ ሥራው የሰመረለት ጎሚስታ ግን ሁለተኛውን ማሽን ሊገዛ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው።